የካርቦን ነገር የሚወሰነው ከሰፈራችን ትራንስፎርመር ሥር ነው፦ ስለ ባሕር ዳርና ስለ ጣና ዙሪያ የስርጭት መስመሮች

የቴክኒክ መምህር (ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 2፡40)

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ካርቦን ልቀት በተነሣ ቁጥር ዓይናችን የሚሄደው ወደ ግድቡ፣ ወደ ነፋስ ተርባይኑና ወደ ፀሐይ ሰሌዳው ነው። እኔ ግን ዛሬ ማንሣት የፈለግሁት በየሰፈራችን በሁለት ምሰሶ መካከል ተቀምጦ ቀን ከሌሊት ስለሚያጉረመርመው ትራንስፎርመር ነው።

በማመንጨት በኩል አገራችንም ሆነች የጣና አካባቢ የሚታሙ አይደሉም። ጢስ ዓባይ አንድ የተባለው የውኃ ኃይል ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አቅሙ ከ11 ሜጋ ዋት ብዙም አይበልጥም ነበር። በ1993 ዓ.ም. ጢስ ዓባይ ሁለት 73 ሜጋ ዋት ጨመረ፤ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ጣና በለስ ብቻውን 460 ሜጋ ዋት ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት ደርሷል። ይህ ሁሉ ኃይል ከውኃ የሚገኝ በመሆኑ፣ ሌላው ዓለም ከድንጋይ ከሰል ለመላቀቅ የሚከፍለውን ዋጋ እኛ አንከፍልም። የእኛ ጭስ የሚወጣው ከምድጃችን፣ ከተሽከርካሪያችንና መብራት ሲጠፋ ከምናስነሣው ጄኔሬተር ነው። ሦስቱንም ወደ ኤሌክትሪክ ለማዞር ስናስብ ጭነቱ በሙሉ የሚያርፈው በመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች ሽቦ ላይ ነው።

ስሌቱ አስቸጋሪ አይደለም። አንድ ባለ 200 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር በ380 ቮልት በእያንዳንዱ ፌዝ (ኃይል ከሚወጣባቸው ሦስት ሽቦዎች በእያንዳንዱ) 304 አምፔር ገደማ ይሸከማል። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ቢስብ፣ በ220 ቮልት 16 አምፔር ይሆናል። እንግዲህ በአንድ ፌዝ 19፣ በሦስቱ 57 ምጣዶች በአንድ ጊዜ ቢጣዱ ትራንስፎርመሩ ሞላ ማለት ነው፤ ገና አምፖሉ፣ ፍሪጁና የውኃ ማሞቂያው ሳይቆጠሩ።

በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ግድቡ በተመረቀ ማግስት መሆኑ ነው፣ ከሚመለከታቸው ባለሙያዎች ጋር ሆኜ እዚሁ ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ ካለ አንድ ባለ 200 ትራንስፎርመር ሥር ቆሜ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ሽቦ አቅፎ አምፔር በሚለካ ክላምፕ ሜትር ለክቼ ነበር። የሰፈሩ ሰው «ትራንስፎርመሩ አልቻለም፣ ትልቅ ይምጣልን» እያለ ለብዙ ጊዜ ሲያመለክት ቆይቷል። ያገኘሁት ግን አንዱ ፌዝ 310 አምፔር፣ ሁለተኛው 190፣ ሦስተኛው 120 ነበር። የሦስቱ አማካይ 207 ያህል ነው፤ ይኸውም ከአቅሙ ሁለት ሦስተኛ ገደማ። ትራንስፎርመሩ በአንድ ትከሻው ብቻ እንዲሸከም ተፈርዶበት እንጂ ጭነቱስ አልበዛበትም። በኒውትራሉ (በመመለሻው ሽቦ) ላይ ደግሞ ጭነቱ ቢመጣጠን ኖሮ ዜሮ መሆን የነበረበት 166 አምፔር ይሄድ ነበር። ኒውትራሉ ከፌዞቹ እኩል ውፍረት አለው ብለን ብናሰላ፣ ያ ሰፈር በሽቦ ሙቀት የሚያጣው ኃይል ያው ጭነት ለሦስቱ ፌዞች እኩል ቢከፋፈል ከሚያጣው ከሲሶ በላይ ይበልጣል።

ስለዚህ አሳቤ የሚከተለው ነው። ለመጪው ዘመን መዘጋጀት ማለት አስቀድሞ መለካት፣ ቀጥሎ ማመጣጠን፣ ከዚያ የአጠቃቀም ሰዓቱን ማደላደል፣ ትልቅ ትራንስፎርመር መግዛት ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው። የምትስማሙም የማትስማሙም አስተያየታችሁን ብትሰጡ ደስ ይለኛል።

መሰላል (ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 4፡05)

መምህር፣ የለኩት ትክክል ለመሆኑ ሳላየው እመሰክራለሁ። በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ፌዞች ለምን እንደሚዛቡም አውቃለሁ። አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ቆጣሪው የሚቀጠለው ለመሰላሉ በቀረበው ሽቦ ላይ ነው። ሽቦዎቹ አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድረው ሲወጠሩ ታችኛውን መንካት ይቀላል፤ በዝናብ ቀን ማንም ወደ ላይኛው አይወጣም። አሥር ዓመት እንዲህ ከተቀጠለ በኋላ አንዱ ፌዝ ገበያ፣ ሌላው በረሃ ይሆናል።

ከእርስዎ የምለይበት ነጥብም አለ። ማመጣጠን አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። ዛሬ አስተካክለው ቢሄዱ፣ በዚያው መንገድ አንድ ሰው ባለ አራት ፎቅ የሚከራይ ቤት ሠርቶ ስምንት ምጣድ በአንድ ፌዝ ላይ ያስገባል። በእያንዳንዱ ትራንስፎርመር ላይ ቋሚ መለኪያ ካልተገጠመና በየስድስት ወሩ የሚያየው ሰው ካልተመደበ ልፋቱ ከንቱ ነው።

ፊውዙንም አይርሱት። በአንዱ ፌዝ ላይ ጭነት ሲበዛ ፊውዙ ይቃጠላል፤ ልክ የሆነው ፊውዝ በእጅ ከሌለ ደግሞ በመዳብ ሽቦ ታስሮ መብራቱ «ይመጣል»። ሰፈሩ ይመርቃል፤ ከዚያ በኋላ ግን ትራንስፎርመሩን የሚጠብቀው ምንም ነገር የለም። ከውስጡ ያለው የወረቀት መከላከያ ከተወሰነለት ሙቀት በላይ በ6 ዲግሪ ገደማ በጨመረ ቁጥር የሚያረጅበት ፍጥነት እጥፍ ይሆናል። ሠላሳ ዓመት ሊያገለግል የሚችል ዕቃ በጥቂት ዓመት ዘይቱ ጠቁሮ ሲወርድ ያየሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ አለኝ (ጥቅምት 13፣ ከጠዋቱ 1፡20)

አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ይህ እስከ 2050 እ.ኤ.አ. የተጣራ ልቀትን ዜሮ ማድረግ፣ «የካርቦን ገለልተኝነት» የሚባለው የባለጸጎች የቤት ሥራ አይደለምን? እኛ ለዓለም ሙቀት ያዋጣነው ኢምንት ነው። በሳምንት ሁለት ቀን መብራት የሚጠፋበት ሰው ስለ 2050 እንዲያስብ መጠየቅ ትንሽ ያሳፍራል። አስቀድሞ መብራቱ ይምጣ፤ ጭሱን ቀስ ብለን እናወራዋለን።

የቴክኒክ መምህር (ጥቅምት 13፣ ቀን 7፡15)

ወንድሜ፣ ስለ ድርሻችን ማነስ ያነሡት እውነት ነው፤ አልከራከርም። መንግሥት በ2011 እ.ኤ.አ. የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂውን ሲያወጣም ሆነ በኋላ እስከ 2050 የተጣራ ልቀትን ዜሮ የማድረግ ዕቅድ ሲያቀርብ ይህንን የሚያውቅ ይመስለኛል። ነገር ግን «መብራቱ ይምጣ» የሚለውና «ጭሱ ይቅር» የሚለው በእኛ ከተማ ሁለት ሥራዎች አይደሉም። ምጣድ ያላት እመቤት የማገዶ ምድጃዋን ያላፈረሰችው ምጣዱን ጠልታ ሳይሆን፣ ሊጡ ከቦካ በኋላ መብራት ቢጠፋ የምትገባበት ስለሌላት ነው። ባሕር ዳር የሚራገፈው ከሰል ብዙው በአዊ ከሚተከለው ዲከረንስ ከሚባለው ዛፍ የሚከሰል ነው፤ ለገበሬው ገቢ ነውና አልነቅፈውም፤ ከተማው ግን ያንን ከሰል የሚገዛው ከምርጫ ይልቅ ለመጠባበቂያ ነው። መስመሩ ሲታመን መጠባበቂያው ይቀራል፣ ልቀቱም አብሮ ይቀንሳል። ስለ 2050 አንዲት ቃል ሳይነገር ማለት ነው።

መሰላል፣ ስለ ቋሚ መለኪያው ተቀብያለሁ። አንድ ጊዜ ማመጣጠን ይበቃል ያልኩ ያስመሰልኩት ስሕተት ነበር።

ጋጋሪዋ (ጥቅምት 13፣ ከምሽቱ 3፡30)

እኔ እንጀራ ጋግሬ ለምግብ ቤቶች የማስረክብ ሰው ነኝ፤ በሦስት ምጣድ እሠራለሁ። የመምህሩን ጽሑፍ ልጄ አንብቦልኝ ነው የምጽፈው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ቴክኒኩን አላውቅም። ቮልቱን ግን አውቀዋለሁ፤ ለፍሪጁ የገዛሁት መከላከያ ላይ ቁጥሩ በቀይ ይነበባል። ማታ 1 ሰዓት ላይ 182 ይላል፤ አንዳንዴ 176።

በ182 እንጀራ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ምጣዱ ይሞቃል እንጂ አይግልም። አሰስ አድርጌ ማሟሻውን ስጥል ሊጡ ይተኛል፤ ዓይን አያወጣም፤ አክንባሎውን ከፍቼ ሳይ ከላይ እንደ ቆዳ ይብለጨለጫል። ሦስት ጊዜ ማሟሻ ጥዬ ለዶሮ የሰጠሁበት ቀን አለ። በደህና ቀን አንዱን አውጥቼ ሌላውን እስካሰፋ የሚበቃኝ ጊዜ በዚያን ጊዜ እጥፍ ይወስድብኛል። የቆጣሪው ካርድ ደግሞ ያው ያልቃል።

ስለዚህ ከሁለት ዓመት ወዲህ የምጋግረው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሥቼ ነው። በዚያ ሰዓት 224 ይላል፤ እንጀራው ይስቃል። መምህር «ሰዓቱን ማደላደል» ብለዋል። እኔ አደላድያለሁ፤ ያደላደልኩት ግን እንቅልፌን ነው። ለዚህ አንድ ብር የቀነሰልኝ የለም።

የቴክኒክ መምህር (ጥቅምት 14፣ ከጠዋቱ 12፡50)

እመቤቴ፣ ይቅርታ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት እንጂ ጠያቂ አይደሉም። የጻፉት ከእኔ ስሌት ይበልጣል። ስሌቱን ላክልበት ያህል፦ ምጣድ የሚስበው ኃይል በቮልቱ እኩል ሳይሆን በቮልቱ ካሬ ስለሚወርድ፣ በ220 ቮልት 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ ምጣድ በ182 ቮልት 2.4 ብቻ ይሆናል። ሙቀቱ ሲሶ ያህል ጎደለ ማለት ነው። ምጣዱ ከሥሩና ከጎኑ ወደ አየር የሚረጨው ሙቀት ግን ብዙም ስለማይቀንስ ለሊጡ የሚተርፈው ከዚያም ያነሰ ነው። ከሁሉ የከፋው እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ ጋጋሪ ረጅም ጊዜ በምጣድ ላይ ስለሚቆይ ብዙ ምጣዶች በአንድ ሰዓት ላይ ይገናኛሉ፤ ሲገናኙ ቮልቱ ይበልጥ ይወርዳል፤ ሲወርድ ደግሞ ይበልጥ ይቆያሉ።

ስለ ታሪፉም ልክ ነዎት። የቤት ታሪፍ በፍጆታ መጠን እየተደለደለ ይጨምራል እንጂ በሰዓት አይለያይም፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እንዲል የተደረገውም በዚሁ መልክ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት የሚጋግር ሰው ለመስመሩ ውለታ እየዋለ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሚጋግረው እኩል መክፈሉ ሊታረም የሚገባው ነገር ነው። የካርድ ቆጣሪዎች ሲቀየሩ ሰዓት የሚለዩ ቢሆኑ ይህ ይቻላል።

ወረታ (ጥቅምት 14፣ ቀን 9፡10)

ውይይቱ ሁሉ የከተማ ምጣድ ሆነና ነው የገባሁት። እኛ ፎገራ ላይ የርብንና የጉማራን ውኃ በናፍጣ ሞተር እየሳብን በበጋ ሽንኩርት እናለማለን፤ ሩዙንም የሚፈለፍለው ብዙ ቦታ ናፍጣ ነው። የናፍጣውን ዋጋ አላወራም፣ ሁሉም ያውቀዋል። መስመሩ ከመንደራችን አጠገብ አልፎ ይሄዳል። ፓምፕ ለመቀጠል ስንጠይቅ ግን «የእናንተ ሞተር ሲነሣ የመንደሩን መብራት ያጠፋል» የሚል መልስ ተሰጠን። እውነት ነው ወይስ ማባረሪያ?

መሰላል (ጥቅምት 14፣ ከምሽቱ 1፡45)

ግማሹ እውነት ነው። ሞተር በቀጥታ ሲነሣ ለጥቂት ሰኮንድ ከመደበኛው ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ አምፔር ይስባል። በቀጭን ሽቦ ጫፍ ላይ ባለ 25 ትራንስፎርመር ካለ የሰው ቴሌቪዥን ብልጭ ድርግም ማለቱ አይቀርም። መፍትሔው ግን ከድሮም የታወቀ ነው፤ በስታር ዴልታ (በዝቅተኛ ቮልት ጀምሮ ወደ ሙሉው በማሸጋገር) ማስነሣት፣ ከተቻለም ሞተሩን ቀስ አድርጎ የሚያስነሣ ዕቃ መግጠም። ሁለት ሦስት ፓምፕ ያላችሁ ደግሞ ተራ ይዛችሁ አስነሡ፤ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ማስነሣት ብቻውን ብዙ ያድናል።

እኔ እንዲያውም መስመር ዘርጊ ብሆን ፓምፕን እለምናለሁ። መስኖ የሚሠራው በበጋ፣ ያውም በቀን ነው፤ የመንደሩ ሰው ማታ ብቻ በሚጠቀምበት ሽቦ ላይ ቀን የሚሠራ ደንበኛ መገኘቱ ትርፍ ነው።

የቴክኒክ መምህር (ጥቅምት 14፣ ከምሽቱ 2፡30)

ለወረታው ወንድማችን አንድ ነገር ልጨምር። የእናንተ ጭነት ከፀሐይ ጋር አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይገባል። በጣና ዙሪያ በበጋ ሰማዩ ጥርት ያለ ስለሆነ የፀሐይ ፓምፕ ውድ ባትሪ ሳይፈልግ ይሠራል፤ ውኃውን ከፍ ባለ ቦታ ገንዳ ማጠራቀም በራሱ እንደ ባትሪ ነው። ሩዝ መፈልፈያው ግን ጠንካራ መስመር ይፈልጋል። ሁለቱን ለይታችሁ ብትጠይቁ መልሱ የሚለያይ ይመስለኛል።

ባትሪ (ጥቅምት 15፣ ከጠዋቱ 3፡00)

የኤሌክትሪክ መኪና ከገዛሁ ዓመት ሞላኝ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ እንደ እኔ ያለው ሰው በከተማችን እየበዛ ነው። የቤቴ ቻርጀር 7 ኪሎ ዋት ነው፤ መምህሩ እንዳሰሉት ሁለት ምጣድ መሆኑ ነው። ሐቁን ልናገር፦ ከሥራ እንደ ገባሁ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ እሰካለሁ፤ የጋጋሪዋን ጽሑፍ እስካነብ ድረስ በዚያው ሰዓት የማን እንጀራ ዓይን እንደምነሣ አስቤ አላውቅም ነበር። ቻርጀሩ ሰዓት መያዣ አለው። ከትናንት ጀምሮ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እንዲጀምር አድርጌዋለሁ፤ ጠዋት ሙሉ ሆኖ አገኘሁት።

ጥያቄ አለኝ (ጥቅምት 15፣ ከጠዋቱ 4፡25)

መልካም ነው፤ ነገር ግን ነገ በአንድ መንገድ ላይ ሃያ መኪና ቢኖርና ሃያውም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ቢሰኩ ችግሩን ከምሽት ወደ እኩለ ሌሊት አዛወርነው እንጂ ምን ፈታን? ከዚያም ጋጋሪዋ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲነሡ ያቺ 224 አትጠብቃቸውም።

የቴክኒክ መምህር (ጥቅምት 15፣ ቀን 6፡40)

ጥሩ ያዙኝ። ሃያ ጊዜ 7 ኪሎ ዋት 140 ኪሎ ዋት ነው፤ ባለ 200 ትራንስፎርመር ላይ ከባድ ጭነት ነው፤ ያውም መኪኖቹ በአንድ ፌዝ ከተቀጠሉ አይሞከርም። ስለዚህ ለመኪና የአንድ ሰዓት ቀጠሮ አይበቃውም፤ በተራ መሆን አለበት። አብዛኛው መኪና በከተማችን ርቀት በቀን የሚጨርሰው ኃይል ጥቂት ስለሆነ ሁለት ሰዓት ይበቃዋል፤ ሌሊቱ ለተራ ሰፊ ነው። ተራውን ማን ያስጠብቅ ለሚለው እኔ የጸና መልስ የለኝም። ለመኪና ቻርጀር የተለየ ቆጣሪና የሦስት ፌዝ ቅጥያ ግዴታ ቢሆን ግን የነገሩ ግማሽ ያልቃል ባይ ነኝ።

ታንኳ (ጥቅምት 16፣ ከምሽቱ 12፡20)

እኔ የሐይቅ ሰው ነኝ፤ ስለ ሽቦ የማውቀው የለም። በሰኔ 1995 ዓ.ም. ግን ጣና እንዴት እንደ ጎደለ አይቻለሁ። ዝናቡ አንሶ ነበር፤ በሐይቁ መውጫ ባለው በጨረጨራ ግድብ በኩል ለጢስ ዓባይ የሚለቀቀውም ብዙ ነበር። የሐይቁ ከፍታ ጀልባዎች ከሚፈልጉት 1,785 ሜትር በታች ወርዶ መርከቦቹ ቆሙ፤ ከዘጌ ሎሚና ቡና ይዞ የሚመጣው ሰው ዳር ላይ ቀረ። አሁን ውኃው በ12 ኪሎ ሜትር ዋሻ ወደ በለስ ይሄዳል፤ የጢስ እሳትን ፏፏቴ ድሮ ያየ ሰው ዛሬ ሲያየው ያዝናል።

መምህር፣ በሽቦ ሙቀት የሚጠፋው ኃይል ያሉት፣ በእኔ ቋንቋ ስንት ባልዲ ውኃ ነው?

የቴክኒክ መምህር (ጥቅምት 16፣ ከምሽቱ 3፡55)

እንዲህ ያለ ጥያቄ ተማሪዎቼ ጠይቀውኝ አያውቁም። በለስ ላይ ውኃው ከ300 ሜትር በላይ ቁልቁል ስለሚወርድ፣ አንድ ሜትር ኩብ ውኃ ወደ ሩብ ጉዳይ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ይሰጣል። ስለዚህ በሽቦ ላይ በከንቱ የጠፋ እያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ከሐይቁ አንድ ተኩል በርሜል ያህል... አይ፣ ተሳሳትኩ፤ በርሜል 200 ሊትር ስለሆነ ከስድስት በርሜል በላይ ነው። መስመሩ አገር አቀፍ ስለሆነ የእኛ ኪሎ ዋት ሰዓት ሁልጊዜ ከበለስ ይመጣል ማለት አይቻልም፤ መጠኑን ለመገመት ግን ይህ ይበቃል።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄድ ነገር አለ። ትራንስፎርመር ማንም ባይጠቀምበት እንኳ ብረቱን ለማግነጥ ብቻ ኃይል ይበላል። ይህ ባዶ ፍጆታ ግማሽ ኪሎ ዋት ቢሆን በዓመት 4,380 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ለዚህ ነው «ትልቅ ይምጣልን» ሲባል የምፈራው። ያለ ልኬት የሚተከል ትልቅ ትራንስፎርመር ዓመቱን ሙሉ፣ ሌሊቱን ሁሉ፣ የጣናን ውኃ በባዶ ይጠጣል።

መሰላል (ጥቅምት 17፣ ከጠዋቱ 2፡10)

ይህን አልቀበልም፣ መምህር። ልኬት እየተጠበቀ ትንሹ ሲቃጠል ሰፈሩ ወር ሙሉ በጨለማ ይቀመጣል፤ ያኔ የሚነሡት ጄኔሬተሮች ከባዶ ፍጆታው በላይ ያጨሳሉ። ሽምብጥ ለለኩት እስማማለሁ። አዲስ በሚሠሩት፣ በመሸንቲና በዘጌ አቅጣጫ በሚሰፉት ሰፈሮች ግን ከመጀመሪያው ከፍ ያለውን ትከሉ እላለሁ፤ ሽቦውም ባዶው ሳይሆን የተሸፈነው፣ ምሰሶውም ኮንክሪት ይሁን። ባሕር ዛፍ ምሰሶ ሥሩ በክረምት ይበሰብሳል፤ ነፋስ ሲመጣ ይዘምና ሽቦ ይገናኛል። በተለይ ኒውትራሉ የተበጠሰ ቀን የአንዱ ቤት ቮልት ወደ 300 ወጥቶ የሌላው 100 ሲሆን፣ የሚቃጠለውን ፍሪጅና ቴሌቪዥን ቆጥሬ አልጨርሰውም።

የቴክኒክ መምህር (ጥቅምት 17፣ ቀን 7፡30)

ለአዲስ ሰፈር ተስማምቻለሁ። ለነባሩ ግን በአቋሜ እጸናለሁ።

ጋጋሪዋ (ጥቅምት 26፣ ከምሽቱ 1፡50)

ሁለት ባለሙያዎች መጥተው ከምሰሶው ላይ የእኛንና የጎረቤቶቻችንን ሽቦ ከአንዱ ወደ ሌላው አዛወሩ። አንድ ሰዓት አልፈጀባቸውም። አሁን እየጻፍኩ ቁጥሩን አያለሁ፤ 206 ይላል፤ በምሽት ይህን አይቼ አላውቅም። ከመንገዱ ማዶ ያለችው እቴ ግን ጠዋት መጥታ «የእኔ ከ219 ወደ 210 ወረደብኝ፣ ምን አድርገሽ ነው?» አለችኝ። ምን ልበላት?

የቴክኒክ መምህር (ጥቅምት 26፣ ከምሽቱ 2፡20)

እመቤቴ፣ በ210 እንጀራዋ ዓይን ያወጣል፤ አይስጉ። ይህ ግን ተራ ምሽት ነው። ኅዳር 14 የጾመ ነቢያት ቅበላ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚጋግረው ያን ሰሞን ስለሆነ ትክክለኛው ፈተና ያኔ ነው። ኅዳር 13 ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ከእናንተው ትራንስፎርመር ሥር እለካለሁ። እርስዎ በቤትዎ፣ እቴም በቤቷ በየግማሽ ሰዓቱ ቁጥሩን ብትጽፉልኝ ከእኔ ጋር እናመሳክረዋለን።

መሰላል (ጥቅምት 26፣ ከምሽቱ 2፡45)

ኒውትራሉን ሳትለኩ እንዳትወርዱ። እኔም ተራዬ ካልሆነ እመጣለሁ።